ሰማያዊው ግላስ

የምነግራችሁ ስለ አንዲት ባዝራ ነው። «ለፈረስ ነው እንዴ ይሄ ሁሉ ወሬ?» የሚል ካለ ከአሁኑ ይለፈኝ፤ አልቀየመውም። እኔም ድሮ ብሆን እንደዚያው ብዬ ነበር የማልፈው። ዛሬ ግን ሳልናገር ብቀር ደረቴ ላይ የተቀመጠው ነገር አይነሳልኝም።

ነስሩ እባላለሁ። ጋምቤላ ገበያ ውስጥ ብትን ጨርቅ እሸጣለሁ። የተወለድኩት አጋሮ ነው። ወደዚህ የመጣሁት የአጎቴን ሱቅ ለስድስት ወር ላግዝ ብዬ ነበር፣ ይኸው አሥራ አንድ ዓመቴ። ሙቀቱን እንኳን ለምጄዋለሁ። ያልለቀቀኝ አመል ጉራ ነው። አባቴ «የነስሩ ምላስ ከነስሩ ቀድማ ገበያ ትደርሳለች» ይላል፤ እውነቱን ነው።

አባቴን ካነሳሁ አይቀር፣ በእኛ አገር ትልቅ ሰው በፈረሱ ስም ይጠራል። አባቴን በመታወቂያ ስሙ ብትጠሩት ዞር ብሎም አያያችሁ፤ «አባ ቡላ» ስትሉት ነው ከነከዘራው ብድግ የሚለው። ቡላ የወጣትነት ፈረሱ ነበር። ከሞተ ስንት ዘመኑ፣ ስሙ ግን አባቴ ላይ ቀረ። እኔ ደግሞ ፈረስ የሌለኝ ነጋዴ ነኝ፣ ነስሩ ብቻ። ይሄ ነገር ያንገበግበኝ ነበር ብላችሁ ትስቁብኝ ይሆናል። ሳቁ፤ ያንገበግበኝ ነበር።

ባሮ ዳር መዝናኛ የከፈተ ጋሽ ታፈረ የሚባል ሰው አለ። ድሮ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ጡረታ ሲወጣ ማንጎዎቹ ሥር ወንበር ደረደረ፣ ሰው መጣለት። ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣው፣ ጀዊና ኩሌ ስደተኛ ጣቢያ ለሥራ የሚመላለሰው፣ ከአውሮፕላን ወርዶ ሻንጣውን ሆቴል የጣለው ሁሉ፣ ጀምበር ስትጠልቅ ለማየት የሚጎርፈው እሱ ጋ ነው። አንድ ቀን ሻይ ስንጠጣ፣

«እንግዳው ለወንዙ ጀርባውን ሰጥቶ ፎቶ ይነሳና እብስ ይላል» አለኝ። «አንድ የሚያቆየው ነገር ቢኖር ጥሩ ነበር። ሌላ ቦታ ሐይቅ ዳር ፈረስ አለ እኮ።»

ምላሴ ቀደመችኝ። «የአባ ቡላ ልጅ እያለ ፈረስ ጠፋ? እኔ አመጣለሁ!»

ማታውኑ አባቴ ጋ ደወልኩ፤ ሸጊቱን ስጠኝ አልኩት። ሸጊቱ በኦሮምኛ ቆንጂት እንደማለት ነው። የቡላ ዘር ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባት ዳማ ባዝራ።

«ልጄ፣ እሱ ቆላ ነው። ፈረስ ቆላ አይሆነውም።»

«አባ፣ እኔ ለምጄ የለም እንዴ?»

«አንተ ፈረስ አይደለህም» አለኝ። ሽማግሌ ነው፤ ልጁን እምቢ ማለት አልቻለም። በመስከረም፣ መንገዱ ሲደርቅ፣ አይሱዙ ላይ ጭኖ ሰደዳት። ከሹፌሩ ስልክ ላይ ሆኖ የነገረኝ አንድ ቃል ነው፤ «አደራ»።

ከመኪናው ስትወርድ ገበያው በሙሉ ወጥቶ አያት። ሻይ የምንጠጣጣው ወዳጄ ኡጁሉም መጣ። ኡጁሉ አኝዋ ነው፣ እዚሁ ተወልዶ ያደገ፤ ሥራው የከብት ሕክምና ነው፣ ግማሹን ጊዜ ወረዳ ለወረዳ ሲዞር ነው የሚኖር። አንገቷን ዳበስ አድርጎ፣

«ነስሩ» አለኝ፣ «እዚህ አገር ፈረስ ለምን እንደሌለ ጠይቀሃል?»

«ሰነፎች ስለሆናችሁ ነዋ!»

ሳቀ። ሲስቅ ቆይቶ «ዝንብ አለ» አለኝ።

«ዝንብ የት የለም? አጋሮም ዝንብ አለ።»

«የእኛ ዝንብ ሌላ ነው» አለና የሚሄድበት ነበርና ሄደ። በማግስቱ ወደ ወረዳ ወጣ፣ ለወራት አላየሁትም። ልብ በሉ፤ ነግሮኛል። «ሳላውቅ ነው» የሚለው በር ያኔ ተዘግቶብኛል።

እኔ ግን ሥራ በዝቶብኝ ነበር። ላስጌጣት ነዋ! ሱቄ ውስጥ ከአንድ ጥቅል የተረፈ ሰማያዊ ጨርቅ ነበር፤ አብዛኛውን አንድ መሥሪያ ቤት ገዝቶኝ የቀረ። ቀለሙ ዐይን ይጠራል። እሱን ለሰፊ ሰጥቼ ግላስ አሠራሁላት፤ ከኮርቻው ሥር ተነጥፎ እስከ ጉልበቷ የሚወርድ፣ ዳር ዳሩ በጥቁር የተከፈፈ። ጅራቷን ደግሞ በገዛ እጄ ጎነጎንኩና ወደ ላይ አጥፌ በቀይ ጥብጣብ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩት፣ ፎቶ ላይ እንዲያምር ብዬ። ሰው ሲያያት «ወይኔ!» ይላል። ጋሽ ታፈረ እጁን እያጨበጨበ «አባ ሸጊቱ! አባ ሸጊቱ!» ብሎ ጠራኝ። ወላሂ ያን ቀን እንደ ኮራሁ በሠርጌ ቀንም አልኮራሁ።

ከዚያ በኋላ ከተማው ነስሩ ማለትን ተወ። የባጃጅ ሹፌር ሁሉ አባ ሸጊቱ ይለኛል። እንግዳ ይመጣል፣ ይቀመጥባታል፣ በአሸዋው ላይ ወርዳ ትመለሳለች፣ ሌላው ይተካል። ለእኔ ስሙ ይበቃኝ ነበር።

ጥር ሲገባ ሆዷ ወረድ ወረድ አለ። ባለቤቴ ራሕማ አይታ «ነስሩ፣ ይቺ ነገር አርግዛ እንዳይሆን» ብላ ቀለደች። እኔ ደግሞ ለሰው ሁሉ «ጋምቤላ ተስማማት፣ ወፈረች!» እላለሁ። ለአባቴም በስልክ «አባ፣ ብታያት አታውቃትም፣ ሆዷ መሬት ሊነካ ነው» አልኩት። «ትበላለች?» አለኝ። «እንዴታ!» አልኩት። ስትበላ ግን አላየኋትም ነበር፤ ሣሩን ፊቷ አኑሬ ወደ ሱቄ ነው የምሮጠው። ዐይኗም ያነባ ነበር። አንዱ እንግዳ «ታለቅሳለች እንዴ?» ሲለኝ «ቁንጅና ሲበዛ እንዲህ ያደርጋል» ብዬ አሳቅኩት። አላህ ይቅር ይበለኝ።

አሁን ወደዚያች ቅዳሜ ልግባ።

ጠዋት አራት ሰዓት ገደማ ነው። ሸጊቱ ማንጎው ሥር ታስራለች፣ ገና አላለበስኳትም። ኡጁሉ ከወረዳ ተመልሶ ኖሮ ሰላም ሊለኝ መጣ። ሰላምታውን ሳይጨርስ ቆመ። ሆዷን በጣቱ ጫን አደረገው፤ የጣቱ ምልክት እንደ ሊጥ ጎድጉዶ ቀረ። ከዚያ የዐይኗን ቆብ ገለበጠ።

«ና፣ እይ» አለኝ።

አየሁ። ውስጡ ነጭ ነው፣ ሱቄ ውስጥ እንዳለው አቡጀዲ።

«ቀይ መሆን ነበረበት» አለ። «ደም የላትም። ገንዲ ነው፤ ዝንቡ የሚያመጣው በሽታ።»

«ወፍራ ነው እኮ—»

«አልወፈረችም። ውሃ ነው። ከስታለች፣ ውሃው ሸፍኖብህ ነው።» ጎኗን ዳበሰ፤ የጎድን አጥንቷን አንድ ሁለት እያልኩ መቁጠር እችል ነበር። በየቀኑ ኮርቻ የጫንኩባት ሰው ያን ቀን ነው ያየሁት።

«ኡጁሉ፣ ወንድሜ፣ መድኃኒት ስጣት።»

«የለኝም። አልቋል። ከተማ ውስጥ ለከብት የሚሰጡት አለ፣ እሱን ለፈረስ እፈራለሁ፤ ራሱ ሊገድላት ይችላል። ጅማ ሰው አለህ?»

የአጎቴ ልጅ ጅማ አለ። ኡጁሉ የመድኃኒቱን ስም በወረቀት ጻፈልኝ፣ ፎቶ አንስቼ ላክሁለት። በአንድ ሰዓት ውስጥ ገዝቶ ደወለ። ግን የዕለቱ አውቶብስ ወጥቷል። እሑድ ንጋት ላይ ለሚነሳው ይሰጠዋል፤ እሑድ ከሰዓት ጋምቤላ ይደርሳል። ሌላ መንገድ አልነበረም።

ኡጁሉ ጀዊ አካባቢ ከብት ሊያክም መኪና እየጠበቀው ነበር። ሲሄድ ትከሻዬን ይዞ ቀስ እያለ ነገረኝ።

«ነስሩ፣ ስማኝ። ከጥላ አታውጣት። ውሃ ስጣት። ሰው አይቀመጥባት። አንድ ሰው እንኳን። ዛሬ ከወደቀች የነገው መድኃኒት አያነሳትም። እስከ ነገ ብቻ ቆማ ትቆይህ። ገባህ?»

«ገባኝ።»

ገብቶኝ ነበር። ይሄን ደጋግሜ የምላችሁ አለምክንያት አይደለም።

አሥር ሰዓት ላይ ጋሽ ታፈረ እየተጣደፈ መጣ። ከኋላው አሥር የሚሆኑ እንግዶች፤ ጠዋት በአውሮፕላን የገቡ፣ በማግስቱ የሚመለሱ።

«አባ ሸጊቱ! ምነው ዛሬ ሳታለብሳት?»

ወደ ጎን ሳብኩት። «ጋሼ፣ ታማለች። ኡጁሉ ማንም አይቀመጥባት ብሏል።»

ፊቱ ተለዋወጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ክፉ ቢሆን ይቀለኝ ነበር። «እኔ እኮ ነግሬያቸዋለሁ» አለ በሹክሹክታ። «ከአውሮፕላን ማረፊያ ጀምሮ ስለ እሷ ነው የሚያወሩት። በእንግዳ ፊት አታሳፍረኝ፣ ነስሩ። ለፎቶ ብቻ ትቁም። አትሄድም። ልጆቼን ይንሳኝ፣ ለፎቶ ብቻ።»

ለፎቶ ብቻ ከሆነ ምን ይጎዳታል አልኩ። ግላሱን አለበስኳት፣ ኮርቻውን ጫንኩ። እንግዶቹ አንድ በአንድ አጠገቧ ቆመው ተነሱ። ሁሉም ደስ አላቸው። የመጨረሻዋ አንዲት ሴትዮ ነበረች፤ ጎልማሳ፣ መነጽር ያደረገች፣ ትሑት። የሸጊቱን አፍንጫ ዳበሰችና ዐይኗን ትክ ብላ አየች።

«ወንድሜ፣» አለችኝ፣ «ትንሽ የደከማት አልመሰለህም?»

አንባቢዎቼ፣ በሩ ተከፍቶልኝ ነበር። «አዎ እትዬ፣ ታማለች» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ሴትዮዋ ራሷ ሌሎቹን ገስጻ ትወስድልኝ ነበር። አሥሩም ስልካቸውን ይዘው አዩኝ። ጋሽ ታፈረ አየኝ። ይሉኝታ የሚሉት ነገር ያዘኝ፤ የታመመ ፈረስ አስጊጦ እንግዳ ፊት ያቆመ ሰው ሊባል ነው፣ አባ ሸጊቱ።

«ኧረ የለም!» አልኩ። «ቆማ ስለዋለች ነው። ትንሽ ብትራመድ ደስ ይላታል።»

ትራመድ አልኩ! ማንም ሳይጠይቀኝ! ምላሴ ቀድማ ገበያ ደረሰች።

ሴትዮዋ «እንግዲያስ» ብላ ፈገግ አለች። እጇን ይዤ አወጣኋት። ልጓሙን ይዤ ወደ አሸዋው ወረድን። ሸጊቱ ተከተለችኝ፤ ሁልጊዜም ትከተለኛለች። የኋላ እግሮቿ እንደ ሰካራም ወዲያ ወዲህ ይሉ ነበር። ሴትዮዋ ከላይ ሆና «ወይ ስትወዛወዝ!» ብላ ሳቀች። ከኋላችን ስልኮቹ ይቀርጻሉ። በልቤ «ያረብ፣ እስከ ውሃው ደርሳ ትመለስልኝ፣ ሌላ አልጠይቅህም» እላለሁ።

ውሃው ጋ አልደረሰችም። በፊት ጉልበቷ ቀስ ብላ ተንበረከከች፤ በላይዋ ያለችውን ሰው ላለመጣል የተጠነቀቀች ነው የሚመስለው። ሴትዮዋ እግሯ መሬት ነክቶ በሰላም ወረደች። ሸጊቱ በጎኗ ተኛች። ሰዎቹ መጀመሪያ ያስተማርኳት ነገር መስሏቸው አጨበጨቡ።

ያን ሌሊት ከአጠገቧ አልተለየሁም፣ ስለ እሱ የምለው የለኝም። እሑድ ጠዋት ፀሐይዋ አሸዋው ላይ ስትበረታ ሱቄን ከፍቼ የአቡጀዲ ጥቅል አመጣሁ፤ አራት እንጨት ተክለን ጥላ ሠራንላት። የኋላ እግሯ ከተጣጠፈበት አልተፈታም። በባልዲ ከባሮ እየቀዳሁ አንገቷን አጠብኩ። ልትነሳ ሁለት ጊዜ ሞከረች። ሁለቱንም ጊዜ ሰባት ሆነን ደገፍናት፤ አልሆነም። ጋሽ ታፈረም አሸዋው ላይ ተንበርክኮ፣ የክት ሱሪውን ለብሶ፣ ከእኛ ጋር ይገፋ ነበር።

ሦስት ሰዓት ላይ ኡጁሉ መጣ። ገና ከሩቅ ሲያያት ቆመ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢሰድበኝ ምን ነበር? ወርዶ ራሷ አጠገብ ተቀመጠ። ግላሱን አጣጥፌ አንገቷ ሥር እንደ ትራስ አድርጌላት ነበር። ጫፉን በጣቱ ያዘው፣ አሸት አደረገው፣ ገልብጦ አየው።

«ይሄን ጨርቅ ከየት አመጣኸው?»

«ከሱቄ ነዋ። ያኔ ከገዛችሁኝ የተረፈው ነው።»

«እኛ ከገዛንህ?» አለ።

«አዎ፣ ያ ሰማያዊ። ለመጋረጃ አልነበረም?»

ኡጁሉ በእጁ አፉን ሸፈነ። ሲቆይ፣ ድምፁ ለብቻው እንደሚያወራ ሰው ዝቅ ብሎ፣

«ለወጥመድ ነው» አለ። «ለዝንቡ ወጥመድ። ዝንቡ ሰማያዊ ይወዳል። ከሩቅ አይቶ ይመጣል። ጥቁሩ ላይ ያርፋል። ለዚህ ነው ሰማያዊና ጥቁር አድርገን ሰፍተን ወንዝ ዳር የምንሰቅለው፣ ነስሩ።»

እኔ ሰማያዊና ጥቁር አድርጌ ሰፍቼ ወንዝ ዳር አቆምኳት። ለአራት ወር፣ በየቀኑ። አገር ምድሩን ዝንብ «ኑ፣ እዚህ ነች» ብዬ ጠራሁባት። ጨርቅ ነጋዴ ነኝ፤ እያንዳንዱ ጨርቅ ለምን እንደሚሆን አውቃለሁ ብዬ የምፎክር ሰው ነኝ። ስሸጥላቸው ለምንድን ነው ብዬ አንድ ቃል አልጠየቅኩም።

«ጅራቷንስ ማን አሰረው?» አለ ኡጁሉ።

ቢላውን አውጥቶ ጥብጣቡን ቆረጠ፣ ጉንጉኑን በጣቶቹ ፈታላት። ፀጉሩ አሸዋው ላይ ተበተነ። ሸጊቱ ጅራቷን አንስታ አንድ ጊዜ ጎኗን መታች። ትንሽ ቆይታ ደገመች። በዚያን ሰዓት ከሰውነቷ የሚታዘዝላት እሱ ብቻ ነበር። ፊቴን ወደ ወንዙ አዙሬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

ስድስት ሰዓት ገደማ ያቺ ሴትዮ መጣች፤ ባጃጁን አቁማ፣ ሻንጣዋ ውስጡ ነው፣ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ መንገድ ላይ ናት። ከሆቴሉ ስኳር በወረቀት ጠቅልላ ይዛላታለች። ሸጊቱን ስታይ ወረቀቱ ከእጇ ወደቀ።

«ከትናንት ጀምሮ አልተነሳችም?»

«አልተነሳችም።»

«ታማ ነበር?»

«ታማ ነበር።»

«ታውቅ ነበር?»

ራሴን በአዎንታ ነቀነቅኩ። አልጮኸችብኝም። መነጽሯን አውልቃ ዐይኗን ጠረገች።

«ጠይቄህ ነበር እኮ» አለችኝ። «ወንድሜ፣ ጠይቄህ ነበር እኮ።»

ባጃጁ ጥሩምባ ነፋባት፣ አውሮፕላኑ አይጠብቅም። ሄደች። ስሟን እንኳን አላውቅም። በሕይወቷ ሁሉ ፈረስ ገደልኩ ብላ የምትኖር አንዲት ሴት አለች፤ የዋሸሁት እኔ ነኝ።

አውቶብሱ ጎማ ፈንድቶበት ዘገየ። አሥር ሰዓት ተኩል ላይ መናኸሪያ ቆሜ ረዳቱ እቃውን ከመቀመጫ ሥር እስኪያወጣ ድረስ መሬቱን በእግሬ እየደበደብኩ ነበር። መድኃኒቱ በእጄ መዳፍ የሚገባ ትንሽ ካርቶን ነው። በባጃጅ እየበረርኩ አደረስኩት። ኡጁሉ ልኩን ሁለት ጊዜ ለካ። ከመውጋቱ በፊት ቀና ብሎ አየኝ።

«ልቧ ደካማ ነው። ልስጣት?»

እኔን ጠየቀኝ! ምን አውቃለሁ? እምቢ ብል ትሞታለች፣ እሺ ብልም ላትችለው ትችላለች።

«ስጣት» አልኩ።

ወጋት። አንገቷን አቅፌ ተቀመጥኩ። ጅራቷ አንድ ሁለቴ ተንቀሳቀሰ። ጀምበር ወደ ውሃው ስትወርድ፣ ላይ ማንጎዎቹ ሥር እንግዶች ተሰብስበው ስልካቸውን አንስተው ነበር፣ እንደ ልማዳቸው ለጀምበሯ። ያኔ ጅራቷ ቆመ። ገንዲው ነው የገደላት፣ የቅዳሜው መንገድ ነው፣ ወይስ እኔ «ስጣት» ያልኩት መድኃኒት? ኡጁሉን ጠይቄዋለሁ፤ አላውቅም ብሎኛል።

ከወንዙ ርቀን ቆፍረን ቀበርናት። ግላሱን አብሬ ልቀብረው አስቤ ነበር። ኡጁሉ ከእጄ ወሰደው፤ «ይሄ ሥራ አለው» አለኝ።

አባቴ ጋ ለመደወል ሦስት ቀን ፈጀብኝ። ሁሉን ነገርኩት። ስጨርስ፣

«ዝንብ ነው አባ፣ የዚህ አገር ዝንብ ነው» አልኩት።

«ዝንቡማ አገሩ ነው» አለኝ። «እንግዳዋን የወሰድክበት አንተ ነህ።»

ከዚያ በኋላ ስለ ፈረስ አንስቶብኝ አያውቅም። እደውላለሁ፣ ስለ ዝናቡ፣ ስለ ቡናው ይነግረኛል። ስለ ሸጊቱ ቢረግመኝ ይሻለኝ ነበር።

እዚህ ላይ ነገሩ ቢያበቃ፣ «ተማርኩበት» ብዬ ልዘጋው እችል ነበር። አላበቃም።

በሁለተኛው ወር ጋሽ ታፈረ ሌላ ፈረስ አስመጣ። ነጭ ባዝራ ናት፣ ለጋ። ሮጬ ሄድኩ። «ጋሼ፣ በአላህ ይሁንብህ፣ መልሳት» አልኩት። «ነስሩ፣ ይቺኛዋን በደንብ አስከትባታለሁ» አለኝ። ለገንዲ ክትባት የለም፤ ኡጁሉን ወስጄ በአፉ አስነገርኩት። «መድኃኒቱን ቀድመን እንገዛለን» አለ። «ሠራተኛ አለብኝ፣ ልጆች አሉኝ፤ እንግዳው ፈረሷ የት አለች እያለ ነው የሚመጣው።» በሩ ላይ ትልቅ ፎቶ ሰቅሏል፤ ሸጊቱ ናት፣ በሰማያዊ ግላሷ፣ እንባዋ በጉንጯ ላይ፣ ከኋላዋ ባሮ። አውርድልኝ ብዬ ለምኜዋለሁ። «ያማረ ፎቶ ምን አደረገህ?» አለኝ። አዲሷንም ሸጊቱ ብሏታል፤ እንግዳው የሚያውቀው ስም እሱ ነዋ።

ያ ግላስ ሁለት ወጥመድ ወጣው። ኡጁሉ ሰፍቶ ማንጎዎቹ አጠገብ ሰቀላቸው። በሳምንቱ የሉም። ፎቶ ላይ እንደ ቡትቶ እየታዩ እንግዳ አስቸገሩ ተብሎ ዘበኛው አውርዷቸዋል። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ ሶላት በኋላ ሄጄ እሰቅላለሁ፤ እሑድ ጠዋት ወርደው አገኛቸዋለሁ። ዘበኛው «አባ ሸጊቱ፣ እኔ ታዝዤ ነው» ይለኛል። እኔም አልቆጣውም። ከእኔ በላይ ይሉኝታ የያዘው ማን አለ?

ለአዲሷ ግላስ የሚሆን ነጭ ጨርቅ ለጋሽ ታፈረ በነጻ ሰጠሁት። ነጭ በነጭ አይታይም ብሎ ከሌላ ሱቅ ሰማያዊ ገዛ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ወንዝ ዳር ይሁን ሐይቅ ዳር፣ ያጌጠ እንስሳ ስታዩ ባለቤቱን «ደክሟት ይሆን?» ብላችሁ አትጠይቁት። ባለቤቱ እኔ ነኝ፣ እዋሻችኋለሁ። ጅራቷ ታስሮ እንደሆነ እዩ። የዐይኗን ቆብ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። ነጭ ከሆነ ስልካችሁን ኪሳችሁ ክተቱና አትቀመጡባት፤ ባለቤቱ ቢቀየም ይቀየም። እኔ ብዙ ሰው ነግሬያለሁ። «ውይ፣ ምስኪን» ይሉኛል፣ ከዚያ ልጃቸውን አንስተው ያስቀምጧታል።

እኔ ሱቄን ከመክፈቴ በፊት ማለዳ ማለዳ በዚያ በኩል አልፋለሁ። ጋሽ ታፈረ አይከለክለኝም፤ እንዲያውም ሻይ ይጋብዘኛል። የታሰረውን ጅራቷን እፈታላታለሁ፣ ከሰዓት መልሰው ያስሩታል። የዐይኗንም ቆብ ገልብጬ አያለሁ። እስካሁን ቀይ ነበር። ትናንት ሳየው ከባለፈው ሳምንት ነጣ ብሎ ታየኝ። ኡጁሉ ጋ ደወልኩ፤ ወረዳ ነው፣ ስልኩ አይሠራም።